ደም የሚያረጋ ሞገድ
ስለ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሮድ፣ በናይሮቢ ዌስትላንድስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



 የምናገረው ብዙዎቻችን ስሙን ሳናውቀው ሰውነታችንን ስለነካ መሣሪያ ነው። ከመካከላችሁ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ትርፍ አንጀቱን ያስወጣ ወይም እንቅርቱን ያስቆረጠ ካለ፣ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ እርሳስ በምታህል ዘንግ ጫፍ የሚደሙትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አንድ በአንድ ሳይዘጋለት አልቀረም። ሐኪሞቻችን መሣሪያውን «ዳያተርሚ» ወይም «ኮተሪ» ይሉታል። ከዚህ ከዌስትላንድስ ወደ ፓርክላንድስ ጥቂት ብትሄዱ በ1958 የተከፈተውን የአጋ ካን ሆስፒታልንና ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። በእነዚህም ሆነ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ይህ መሣሪያ የዘወትር ዕቃ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ሥራዬ የሕክምና መሣሪያዎችን መፈተሽና መጠገን ስለሆነ ነገሩን የማየው ከማሽኑ በኩል ነው። ከዚህ ንግግር አንድ ቁም ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እሻለሁ። መሣሪያው ሐኪሙ የሚይዛት ዘንግ ብቻ አይደለም። ኮረንቲው ከማሽኑ ወደ ዘንጓ፣ ከዘንጓ ወደ ታካሚው፣ ከታካሚው በጭኑ ላይ ወደተለጠፈው ፕሌት፣ ከፕሌቱ ተመልሶ ወደ ማሽኑ የሚሄድበት ሙሉ ዙር ነው። ዙሩ በአንድ ቦታ ከተጓደለ የሚያድነው ኮረንቲ ራሱ ያቃጥላል፤ ወይም ማሽኑ ያለ ሥራ ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል።

ከጋለ ብረት ወደ ኮረንቲ

በእሳት ማከም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በደጋው ገበሬ ዘንድ፣ በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና አርብቶ አደሮች ዘንድ፣ በሰሜን ኬንያም ጭምር፣ ሰውም ከብትም በጋለ ብረት ሲተኮስ ኖሯል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በኮርዶባ የነበረው ታላቁ ሐኪም አልዛህራዊ የመተኮሻ ብረቶችን ቅርጽ በሥዕል ጭምር አስተምሯል። ሐሳቡ ደምን በሙቀት ማቆም ነበር፤ ሐሳቡም ትክክል ነው። ችግሩ ብረቱ ላይ ነው። የጋለ ብረት ከውጭ ወደ ውስጥ ያቃጥላል፤ ጥልቀቱን መቆጣጠር አይቻልም፤ ሥጋው ላይ ተጣብቆ ሲነሣ የዘጋውን ደም ሥር መልሶ ይከፍተዋል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ስለዚህ ዛሬ ሕመምን በጋለ ብረት መተኮስ ጉዳት እንጂ ሕክምና አይደለም፤ በተለይ ሕፃናትን ከዚህ መጠበቅ ግዴታችን ነው።

በዘመናዊው መሣሪያ ብረቱ ራሱ የሙቀት ምንጭ አይደለም። የሚሞቀው ሥጋው ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከቤታችን ሶኬት እንጀምር። በኬንያም በኢትዮጵያም ከግድግዳ የሚወጣው ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ዙር እየተመላለሰ ይፈስሳል። በዚህ ፍጥነት ነርቭና ጡንቻ ምላሽ ለመስጠት ጊዜ ስለሚያገኙ ኮረንቲ የያዘው ሰው እጁ ይኮማተራል፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። በ1891 ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ዣክ አርሴን ዳርሶንቫል ግን ኮረንቲው በሴኮንድ ከ10 ሺህ ዙር በላይ ሲመላለስ ጡንቻ እንደማይኮማተር፣ ሰውየውም የሚሰማው ሙቀት ብቻ እንደሆነ አሳየ። የዛሬዎቹ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በሴኮንድ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዙር ባለው መጠን ሲሆን፣ ይህም የመካከለኛ ሞገድ የሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚጀምሩበት መስመር ጥቂት ዝቅ ያለ ነው።

ሰውነታችን ጨው ያለበት ውኃ ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ ያሉት የጨው ቅንጣቶች ኮረንቲው አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይርገበገባሉ፤ ከርግብግቡም ሙቀት ይወለዳል። ሥጋው ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። 60 ዲግሪ ሲደርስ ሞቱ ወዲያው ነው ማለት ይቻላል፤ ፕሮቲኑም በመጥበሻ ላይ ያለ የእንቁላል ነጭ እንደሚነጣና እንደሚጠና ሁሉ ይረጋል። የደም ሥሩ ግድግዳ ይጨማደዳል፣ በውስጡ ያለው ደምም ይረጋል፤ መድማቱ ይቆማል። 100 ዲግሪ ላይ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ ሕዋሱም ይፈነዳል፤ ሐኪሙ ሊቆርጥ ሲፈልግ የሚጠቀመው ይህንን ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ሥጋው ይከስላል። ለመቁረጥ ማሽኑ ሳያቋርጥ ይልካል፤ ለማርጋት ግን ከፍ ባለ ቮልቴጅ፣ በአጫጭር ብልጭታ፣ ረዘም ያለ ዕረፍት እየሰጠ ይልካል። ሐኪሙ ከሁለቱ የሚፈልገውን በቢጫና በሰማያዊ ቁልፍ ይመርጣል፤ ቢጫው መቁረጫ፣ ሰማያዊው ማርጊያ ነው።

ኮረንቲው በዘንጓ ጫፍ ሲገባ ሥጋውን የሚያረጋው፣ በፕሌቱ በኩል ሲወጣ ግን ምንም የማያደርገው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የስፋት ልዩነት ነው። የዘንጓ ጫፍ ሥጋውን የሚነካው በ2 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ነው እንበል። በታካሚው ጭን ላይ የሚለጠፈው ፕሌት ደግሞ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 10 ሺህ ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ያው ኮረንቲ በ5 ሺህ እጥፍ ሰፊ ቦታ ተበታትኖ ይወጣል ማለት ነው። ሙቀቱ ደግሞ የሚያድገውም የሚቀንሰውም በኮረንቲው ጥግግት ካሬ ልክ ነው፤ ስለዚህ ከፕሌቱ ሥር ያለው ሙቀት ከጫፉ በ25 ሚሊዮን እጥፍ ያንሳል። ይህን ስሌት አስታውሱት፤ ስለ አደጋው ስንነጋገር ተመልሰን እንፈልገዋለን።

ቦቪና ኩሺንግ

ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የቀዶ ሕክምና ክፍል የገባበት ቀን በታሪክ ተመዝግቧል። የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ በቦስተን አንድ በደም ሥር የበለጸገ የራስ ቅል ዕጢ ለማውጣት ጀምሮ ደሙ ስላላቆመለት ሥራውን አቋርጦ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ኦክቶበር 1 ቀን 1926 ዊልያም ቦቪ የተባለ በሃርቫርድ የሚሠራ ተመራማሪ የሠራውን ማሽን አስመጥቶ ዕጢውን ቆራርጦ አወጣው። ቦቪ የቀዶ ሐኪም አልነበረም፤ የዕፀዋትን ተፈጥሮና ፊዚክስን ያጠና ሰው ነበር። የፈጠራ መብቱንም በ1 ዶላር እንደሸጠው ይነገራል። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች መሣሪያውን «ቦቪ» ብለው ይጠሩታል።

ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ኮረንቲውን ወደ ሥጋ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ብዙ ዓይነት መልክ ያዘ። አንጎልንና ዓይንን ለመሰሉ ስስ ቦታዎች ሁለት ጫፍ ያለው መቆንጠጫ አለ። ኮረንቲው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ብቻ ስለሚያልፍ የቀረውን ሰውነት አይነካም፤ ፕሌትም አይፈልግም። ለጉበት ዕጢ በቆዳ በኩል የሚገባ ረጅም መርፌ አለ፤ በ1990 በጣሊያንና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ያቀረቡት ዘዴ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌውን ዕጢው ውስጥ ይተክልና ሆድ ሳይከፈት ዕጢውን በሙቀት ይገድለዋል። ዘዴው ይበልጥ የሚሳካው ከ3 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ዕጢ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ከኃይል ይበልጣል። ኃይሉ በዝቶ ሥጋው ከከሰለ ውኃው ስላለቀ ኮረንቲ ማሳለፉን ያቆማል፤ መርፌው ዙሪያ ከሰል ይሠራል፣ ከከሰሉ ባሻገር ያለው ዕጢ ግን በሕይወት ይቀራል። ስለዚህ መሐንዲሶች የመርፌውን ጫፍ በውስጡ በሚዘዋወር ውኃ ማቀዝቀዝን፣ ወይም ከመርፌው እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎችን ፈጠሩ። ትልቅ ደም ሥር አጠገብ ያለ ዕጢም ያስቸግራል፤ የሚፈስሰው ደም ሙቀቱን እያጠበ ይወስደዋል። ለልብ ደግሞ በብሽሽት ደም ሥር ገብቶ ልብ ውስጥ የሚደርስ ቀጭን ካቴተር አለ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የልብን ምት የሚያዛቡትን የተሳሳቱ የኤሌክትሪክ መንገዶች በጥቂት ሚሊ ሜትር ቃጠሎ ይዘጋል። ያበጡ የእግር ደም ሥሮችንና የፊት ነርቭን ከባድ ሕመም ለማከምም በዚሁ ሞገድ ይሠራል።

ከናይሮቢ የወጣ ማስረጃ

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ። የማሕፀን በር ጫፍ ካንሰር በምሥራቅ አፍሪካ ሴቶችን አብዝቶ ከሚገድሉ በሽታዎች አንዱ ነው። በ2020 ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኬንያ ከ3 ሺህ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ከ5 ሺህ በላይ ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ በሽታ ሞተዋል። የሚያሳዝነው ካንሰሩ ከመፈጠሩ በፊት ለዓመታት የሚቆይ፣ ሊታይና ሊታከም የሚችል ቅድመ ካንሰር ያለው በሽታ መሆኑ ነው።

ቅድመ ካንሰሩን ለማስወገድ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ «ሊፕ» ይባላል። ስስ ሽቦ ቀለበት ሆኖ በዘንግ ጫፍ ይታሰራል፤ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ኮረንቲ ይላክበታል፤ የማሕፀን በሩ በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ቀለበቱ የታመመውን ክፍል በጥቂት ሴኮንድ ቀርፎ ያነሣዋል። ከዚያም ሐኪሙ ትንሽ ኳስ የመሰለ ኤሌክትሮድ ይተካና የተቀረፈውን ቦታ እየነካካ ደሙን ያረጋዋል። መቁረጡም ማርጋቱም በአንድ ማሽን ይከናወናል። ሌላው መንገድ ክራዮቴራፒ ነው፤ የታመመውን ክፍል በቀዝቃዛ ጋዝ አቀዝቅዞ መግደል። ይህኛው ርካሽ ነው፤ ነርስም ልትሠራው ትችላለች።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚሁ ናይሮቢ፣ በንጎንግ መንገድ በሚገኘው የኮፕቲክ ሆስፒታል የሆፕ ማዕከል ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና ከፍተኛ ቅድመ ካንሰር የተገኘባቸው 400 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በክራዮቴራፒ፣ ግማሾቹ በሊፕ ታከሙ፣ ለ2 ዓመትም ክትትል ተደረገላቸው። በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ቅድመ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በክራዮቴራፒ ከታከሙት 30 ከመቶ፣ በሊፕ ከታከሙት 19 ከመቶ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች የናይሮቢ እናቶች ናቸው፤ የተገኘው ዕውቀት ግን ለአዲስ አበባም ለዓለምም ተርፏል። ከዚህ በተጨማሪ ሊፕ ቁራጩን በሙሉ ስለሚያወጣ ወደ ፓቶሎጂ ተልኮ ካንሰር ተደብቆ እንደሆነ ይታያል፤ በቅዝቃዜ የተገደለ ሥጋ ግን ለምርመራ አይተርፍም።

ይህን ስል ክራዮቴራፒን ማጣጣሌ አይደለም። በአገራችን ከ2010 ጀምሮ «አዲስ ተስፋ» በተባለው ፕሮጀክት ቫይረሱ ያለባቸው ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በኮምጣጤ አሲድ ተመርምረው፣ ከአሥሩ የአንዷ ያህል ምርመራ ለውጥ አሳይቶ፣ ለሕክምናው ብቁ የሆኑት አብዛኞቹ በክራዮቴራፒ ታክመዋል። ሊፕ በሌለበት ወረዳ ይህ ሕይወት ያተርፋል። ሊፕ የሚፈልገው ግን ብዙ ነው፦ የማይቆራረጥ ኃይል፣ የሠለጠነ ሐኪም፣ ማደንዘዣ፣ ፕሌት፣ ጭስ ማውጫ፣ ፓቶሎጂስት፣ ታካሚዋን ከ6 ወርና ከዓመት በኋላ የሚጠራ መዝገብ። ከላይ ያልኋችሁ ዙር ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ግድግዳ ውጭም ይቀጥላል ማለት ነው።

አደጋው ያለበት ቦታ

ብዙ ሰው አደጋው ከዘንጓ ጫፍ ይመስለዋል። የሚታየው ብልጭታ እዚያ ነውና። ነገር ግን በዚህ መሣሪያ ከሚደርሱት የታወቁ የቃጠሎ አደጋዎች ብዙዎቹ ማንም በማያየው ቦታ፣ በአንሶላ ሥር፣ በፕሌቱ ላይ የሚደርሱ ናቸው። ስሌቱን አሁን አምጡት። 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው ፕሌት ተላጦ ቆዳውን የሚነካው በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ስፋቱ በ100 እጥፍ ቀንሷል፤ ከሥሩ ያለው ሙቀት ግን በ10 ሺህ እጥፍ አድጓል። ታካሚው ተኝቷል፤ «ተቃጠልሁ» አይልም። ቃጠሎው የሚታወቀው ሲነቃ ነው።

ፕሌት የሚላጠው በምን ምክንያት ነው? ጄሉ የደረቀ፣ አንዴ ተለጥፎ መጣል ሲገባው በፕላስተር ተጠግኖ ደግሞ የተለጠፈ ሲሆን፤ ጸጉር ባለበት፣ በጠባሳ ላይ ወይም አጥንት በወጣበት ቦታ ሲለጠፍ፤ የማጽጃ ፈሳሽ ከሥሩ ሲገባ። አንድ ጊዜ የሚያገለግለውን ፕሌት ደጋግሞ መጠቀም በድሃ አገሮች የተለመደ ነው፤ የሚደረገውም ክፉ ሐሳብ ኖሮ ሳይሆን አዲሱ ስለማይገኝ ነው። የተሻሉት ማሽኖች ሁለት ክፍል ያለው ፕሌት ይጠቀማሉ። ማሽኑ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ተቃውሞ ሳያቋርጥ ይለካል፤ ፕሌቱ መላጥ ሲጀምር ይጮኻል፣ ኮረንቲውንም ያቋርጣል። ይህ ጩኸት የሚያስቸግር ድምፅ ሳይሆን የታካሚው ጠበቃ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ፕሌት አልቆ ባለ አንድ ክፍሉን የሰካ ሰው ግን ጠበቃውን አሰናብቷል።

ሌሎችም አደጋዎች አሉ። አልኮል ያለበት ማጽጃ ሳይደርቅ ብልጭታ ቢነሣ እሳት ይነሣል፤ በፊት አካባቢ ኦክስጅን ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ከሥጋው የሚወጣው ጭስ መጥፎ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ጎጂ ኬሚካሎችና የቫይረስ ቅንጣቶች ስላሉበት የሐኪሙንና የነርሷን ሳንባ ከዓመት ዓመት ይጎዳል፤ መሳቢያ ያስፈልገዋል። በልቡ ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ከሆነ ኮረንቲው መሣሪያውን ሊያሳስተው ይችላል። የቀለበት፣ የሐብልና የጆሮ ጌጥ ብረትም ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል ከቀዶ ሕክምና በፊት መውለቅ አለበት። የዘንጓ ገመድ መሸፈኛ ከተሰነጠቀ ኮረንቲው ባልታሰበበት ይወጣል፤ ይህ በተለይ በትንሽ ቀዳዳ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና አንጀትን ሊያቃጥል ይችላል።

ወደ አገር ቤት የምንልከው

እዚህ ናይሮቢም ሆነ በሌላው ዓለም ያለን ኢትዮጵያውያን ለአገራችን ሆስፒታሎች መሣሪያ ገዝቶ መላክ እንወዳለን። ይህ የተባረከ ሐሳብ ነው። ሆኖም በ2011 የታተመ፣ 16 ታዳጊ አገሮችን ያካተተ ጥናት እንደሚያሳየው በሆስፒታሎቻቸው ካሉት የሕክምና መሣሪያዎች 40 ከመቶ ያህሉ ሥራ አይሰጡም። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሥልጠና፣ የአስተዳደርና የመሠረተ ልማት እጥረት ናቸው። ማሽኑ ሳይጎድል ዙሩ ይጎድላል ማለት ነው።

ስለዚህ ዳያተርሚ ልንልክ ስናስብ አስቀድመን ሆስፒታሉን እንጠይቅ። ኃይሉ ስንት ቮልት ነው? መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት የሚከላከል ስታቢላይዘር አለ? ማሽኑ የሚቀበለው ፕሌት በአዲስ አበባ ገበያ ይገኛል? ለ2 ዓመት የሚበቃ ፕሌትና ገመድ አብሮ ይላካል? ማሽኑ የሚሰጠውን ኃይል በዓመት አንዴ የሚለካ የባዮሜዲካል ባለሙያ ማነው? መመሪያውስ አለ? አሥር ማሽን ያለ ፕሌት ከመላክ አንድ ማሽን ከነሙሉ ዕቃው መላክና ለአንድ ቴክኒሻን የሥልጠና ወጪ መሸፈን እጅግ ይበልጣል። የባዮሜዲካል ቴክኒሻኑ ስሙ በመግለጫ አይጠራም፤ ምስጋና የሚደርሰውም ብዙ አይደለም። ነገር ግን የታካሚው ጭን ሳይቃጠል የቀረው በእርሱ እጅ ነው፤ ደመወዙና ክብሩ ከሥራው ጋር ይመጣጠን ዘንድ መናገር የሁላችንም ድርሻ ነው።

ታካሚዎችም የምትጠይቁት አለ። ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝላችሁ ፔስሜከር ወይም በሰውነታችሁ የተተከለ ብረት ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ጌጣችሁን አውልቁ። «ፕሌቱ አዲስ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጭናችሁ ወይም ጀርባችሁ ላይ የቀላ ወይም የቆሰለ ነገር ካያችሁ ወዲያው አሳዩ፤ በመዝገብም ይጻፍ።

በመጨረሻ እናቶቼንና እኅቶቼን በብርቱ የምለምነው አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች ከ30 ዓመታቸው፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ደግሞ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ የማሕፀን በር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህን ካንሰር ለመከላከል ለሴት ልጆቻችን የሚሰጠው ክትባት በኢትዮጵያ በ2018፣ በኬንያ በ2019 በብሔራዊ ደረጃ ተጀምሯል። ልጆቻችሁን አስከትቡ፤ ራሳችሁንም አስመርምሩ። ቅድመ ካንሰር ቢገኝ በጥቂት ደቂቃ ሊታከም ይችላል። ባሎችና ወንድሞች፣ አብራችሁ ሂዱ፤ ቀጠሮውን አስታውሱ፤ ወጪውን ሸፍኑ። የዘገየ ካንሰርን ይህ ሁሉ ጥበብ አይመልሰውም፤ በጊዜ የተያዘ ቅድመ ካንሰር ግን ሊድን ይችላል።